ምልክትና ምክንያት በጋለ ሞተር ላይ

የሞተር ከመጠን በላይ መጋል ውጤት ነው። የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ሲጠጋ፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ሲትጎለጎል፣ ከዚያ በፊት የተፈጸመ ሌላ ነገር እንዳለ ይታወቃል፤ ያ ነገር ምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም። መካኒኩ ከሚታየው ተነሥቶ ወደማይታየው መድረስ አለበት። በዚህ መንገድ ላይ ፍልስፍና ከጥንት ጀምሮ ሲጠይቀው የኖረ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ሰው የአንድን ነገር ምክንያት ዐወቀ የሚባለው መቼ ነው?

ጥያቄው ጎልቶ የሚታየው ዕድሜ ጠገብ በሆነ የፎር ዊል ድራይቭ መኪና ላይ ነው። የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 70 ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ ላይ ዋለ፤ ባለ ስድስት ሲሊንደሩና 4.2 ሊትሩ ዋን ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ተከተለው። ይህ መኪና በኢትዮጵያ የገጠር መንገዶች ላይ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለእርዳታ ድርጅቶችና ለአስጎብኚዎች ሲያገለግል ኖሯል። ሞተሩ ቱርቦ የለውም፤ ናፍጣውን የሚያደርሰው በሜካኒካል ፓምፕ ነው። በቀደሙት መኪኖች ላይ ኮምፒዩተር ቢሰካ ስለ ብልሽቱ የሚናገረው ነገር አይኖርም። መርማሪው የሚተማመነው በዓይኑ፣ በእጁ፣ በጆሮውና በማመዛዘን ችሎታው ነው። ስለዚህም የምክንያት ፍለጋ ከነሙሉ ባሕርዩ እዚህ ይታያል።

ሙቀቱ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል

ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ናፍጣ ጉልበት ጎማ የሚያዞር ሥራ የሚሆነው በግምት አንድ ሦስተኛው ነው። ሌላ አንድ ሦስተኛ ገደማ ከጭሱ ጋር በማርሚታ ይወጣል። የቀረው በአብዛኛው በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል ወደ አየር መሄድ አለበት። ውሃውን ፓምፕ ያዞረዋል። ቴርሞስታት የሚባለው ቫልቭ ሞተሩ ለሥራ የሚበቃ ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፤ እንደ ዓይነቱ ከ76 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል መከፈት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ውሃው በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ሲያልፍ ፋኑ የሚስበው አየር ያቀዘቅዘዋል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል።

እንግዲህ ሞተር ጋለ ማለት የሚመነጨው ሙቀት ከሚወገደው በለጠ ማለት ነው። ከዚህ መርህ ብቻ የምክንያቶቹ ዓይነት ይወጣል። ውሃው ጎድሎ ወይም ግፊቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ውሃው ሙሉ ሆኖ አለመዞሩ ይሆናል። ውሃው እየዞረ በቂ አየር አላገኘ ይሆናል። ሞተሩ ከወትሮው የበለጠ ሙቀት እያመነጨ፣ ወይም የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ይሆናል። በመጨረሻም ሞተሩ ደኅና ሆኖ የተሳሳተው መርፌው ሊሆን ይችላል። የሞተሩን አሠራር የማያውቅ ሰው ይህን ዝርዝር ማውጣት አይችልም፤ ቀድሞ ያየውን ብልሽት ብቻ ይጠረጥራል። ምክንያትን የመፈለግ ሥራ የነገሩን ተፈጥሮ ከማወቅ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

መሆኑን ማወቅና ለምን እንደሆነ ማወቅ

አርስቶትል ስለ ማስረጃና ስለ ዕውቀት በጻፈው መጽሐፉ አንድ ነገር መሆኑን ማወቅንና ለምን እንደሆነ ማወቅን ይለያል። ያቀረበው ምሳሌ ከሰማይ የተወሰደ ነው። ፕላኔቶች እንደ ከዋክብት ብልጭ ድርግም አይሉም፤ ብልጭ ድርግም የማይሉትም ቅርብ ስለሆኑ ነው። ሰው ብልጭ ድርግም ካለማለታቸው ተነሥቶ ቅርብ ናቸው ብሎ በትክክል መደምደም ይችላል። ይሁን እንጂ ቅርብ ያደረጋቸው ብልጭ ድርግም አለማለታቸው አይደለም። የሐሳብ መንገድና የምክንያት መንገድ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘዋል።

በጋራዥም ያው ነው። ከራዲያተሩ የሚወጣው እንፋሎት መፍላትን ያሳያል፤ መፍላት ግን ከእንፋሎቱ አልመጣም። ይህን ማንም አይስተውም። ስሕተቱ የሚመጣው ምልክቱ የምክንያት መልክ ሲይዝ ነው። የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሲገኝ ምክንያቱ ተገኘ ይባላል። ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለው ግን ቀድሞ ሞተሩ ስለጋለና ቴስታታው ስለተጣመመ ሊሆን ይችላል። ከተቃጠለ በኋላ ደግሞ ራሱ ለቀጣዩ መጋል ምክንያት ይሆናል፤ ጋዙ ወደ ውሃው ይገባል፣ ውሃውን ይገፋል፣ ውሃው ይጎድላል። አንድ ነገር ለትናንቱ ውጤት፣ ለዛሬው ምክንያት ሆኖ መገኘት እንደሚችል ያልተረዳ ሰው ጓርኒሲዮን ይቀይራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ያንኑ ሥራ ይደግመዋል።

የምስክሩ ታማኝነት

ምርመራው ከመቀጠሉ በፊት የመጀመሪያው ምስክር ይመረመራል። ዳሽቦርድ ላይ ያለው መርፌ የውሃውን ሙቀት በቀጥታ አያይም። ሞተሩ ላይ የተተከለ ትንሽ መሣሪያ በሽቦ በኩል የሚልክለትን የኤሌክትሪክ መልእክት ይተረጉማል። የሽቦው ሽፋን ተልጦ ከመኪናው ብረት ጋር ቢነካካ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ መርፌው እስከ ጫፍ ይወጣል። ሽቦው ቢበጠስ መርፌው ከታች ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ውሃው ከመሣሪያው በታች ሲወርድ ነው፤ መሣሪያው ውሃ ስላላገኘው ዝቅ ያለ ሙቀት ይናገራል፣ ብረቱ ግን እየተቃጠለ ነው። የመርፌ ዝምታ የደኅንነት ማስረጃ አይሆንም።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኖረ ለሚባለው ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብ የሚሰጠው ሐተታ የተባለው ድርሳን፣ የደራሲው ማንነት ምሁራንን የሚያከራክር ቢሆንም፣ ሰዎች ከወላጆቻቸውና ከመምህሮቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ እንደሚቀበሉ አጥብቆ ይወቅሳል። ወቀሳው ምስክርነትን ሁሉ ጣሉ ማለት አይደለም፤ በምስክርነት ከመታመን በፊት ምስክሩ በምን እንዳወቀ ጠይቁ ማለት ነው። መካኒኩ የመርፌውን ቃል በሌላ ቴርሞሜትር፣ በቱቦው ሙቀት፣ በውሃው መጠን ያመሳክራል። ሾፌሩ የሚናገረውንም እንዲሁ። «ሁልጊዜ ይግላል» የሚለው ቃል ብዙ አያስረዳም፤ መቼ፣ የት፣ በስንት ፍጥነት፣ ከምን ያህል ጭነት ጋር ተብሎ ሲጠየቅ ግን ጠቃሚ ምስክርነት ይወጣዋል።

ልዩነቱን መጠየቅ

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ ምክንያትን የመፈለጊያ ዘዴዎችን ዘርዝሯል። አንዱ ውጤቱ የታየበትንና ያልታየበትን ሁኔታ አነጻጽሮ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት መፈለግ ነው። ሌላው አንዱ ሲጨምር ሌላው አብሮ መጨመሩን መከታተል ነው። ልምድ ያላቸው መካኒኮች የሚልን ስም ሳይሰሙ ይህንኑ ይሠሩበታል።

ሞተሩ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ሲግል፣ አውራ ጎዳና ላይ ሲፈጥን ግን ቢቀዘቅዝ ልዩነቱ አየር ነው። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራለታል፤ ሲቆም ግን ሁሉም በፋኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በውስጡ ባለ ወፍራም ፈሳሽ የሚይዘው የፋን ክላች ይፈተሻል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፋኑ በእጅ ሲዞር ያለ ምንም ተቃውሞ ከተንከባለለ ክላቹ ደክሟል። ፋኑን የሚከበው ሽፋን ተሰብሮ ወይም ወድቆ እንደሆነም ይታያል።

ነገሩ ተገልብጦ ሞተሩ ቆሞ ደኅና፣ በፍጥነትና በዳገት ላይ ግን የሚግል ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ውሃው ፍሰትና ወደ ራዲያተሩ ይዞራል። የራዲያተሩ ቱቦዎች በዝገትና በደለል ተደፍነው ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የራዲያተሩ ገጽ አንዱ ቦታ ሞቆ ሌላው ቀዝቅዞ ይገኛል። ውሃውን ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው የታችኛው ቱቦ አርጅቶ ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውስጥ እየተመጠጠ መንገዱን ያጠብ ይሆናል። ጭቃና የሣር ፍሬ በኤር ኮንዲሽነሩ ማቀዝቀዣና በራዲያተሩ መካከል ተጠቅጥቆ አየር ከልክሎም ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ የሚግል ከሆነ፣ የላይኛው ቱቦ እየጋለ የታችኛው ከቀዘቀዘ፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ መቅረቱ ይጠረጠራል። የላይኛው ቱቦ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ውሃውም በውጭ ሳይፈስ የሚጎድል ከሆነ፣ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው መግባቱ ይታሰባል። ይህን የሚፈትን ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር በውስጡ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካገኘ ቀለሙ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

ተከትሎ መምጣትና ማስከተል

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ባሳተመው ስለ ሰው ልጅ ማስተዋል በሚናገረው መጽሐፉ አንድ ከባድ ነገር አሳይቷል። ዓይን የሚያየው አንዱ ከሌላው በኋላ መምጣቱን ነው፤ አንዱ ሌላውን ሲያስገድድ ግን ማንም አይቶ አያውቅም። የማስገደዱን ሐሳብ የሚያመጣው የተደጋገመ ልማድ ነው።

ይህ ጥርጣሬ በጋራዥ ውስጥ ተጨባጭ መልክ አለው። ቴርሞስታት ተቀየረ፣ መጋሉ ቆመ። አሮጌው ቴርሞስታት ምክንያቱ ነበር ማለት ነውን? ቴርሞስታት ለመቀየር ውሃው ይቀዳል፤ አዲስ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይሞላል፤ በቧንቧው ውስጥ ታፍኖ የነበረው አየር ይወጣል፤ የላላ ማሰሪያም ይጠብቃል። በአንድ ሥራ ስም አራት ለውጥ ተደርጓል። ከአራቱ የትኛው እንደፈወሰ መኪናው ስለዳነ ብቻ አይታወቅም። ለማወቅ የወጣውን ቴርሞስታት ከቴርሞሜትር ጋር በድስት ውሃ ውስጥ አድርጎ ማሞቅ ይበቃል። ላዩ ላይ በተጻፈው ሙቀት አካባቢ ከተከፈተና እስከ መጨረሻው ከሄደ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ይህ ፈተና ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ሳይደረግ ሲቀር ግን መካኒኩ ሐሰት የሆነ ልምድ ይዞ ወደ ሚቀጥለው መኪና ይሄዳል። ልምድ ዕውቀት የሚሆነው ሲፈተን ነው። ሳይፈተን የሚከማች ልምድ የሰውየውን እርግጠኝነት ያሳድጋል እንጂ ዕውቀቱን አያሳድግም።

ምልክቱን ማጥፋት

በሞቃት አገሮች ቴርሞስታቱን ጨርሶ አውጥቶ መጣል የተለመደ መፍትሔ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ መንገድ የሚዘጋው ነገር ከሌለ ውሃው እንደልቡ ይፈስሳል። ይሁን እንጂ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ሲከፍት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። እሱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በቀዝቃዛ ቦታና በቀላል ጉዞ ደግሞ ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፤ ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል።

ከሜካኒካዊው ጉዳት የሚበልጠው ግን የዕውቀቱ ጉዳት ነው። የተደፈነ ራዲያተር ያለው መኪና ቴርሞስታቱ ሲወጣለት ለጊዜው ይረጋጋ ይሆናል። ምልክቱ ስለጠፋ ጥያቄው ተመለሰ ተብሎ ይታሰባል። ዝገቱ ግን ሥራውን ይቀጥላል፤ ብልሽቱ ተመልሶ ሲመጣ ከፍቶና ከጓርኒሲዮን ቃጠሎ ጋር ተደርቦ ይመጣል። ምልክት ለሰው የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ምልክቱን ዝም ማሰኘት ችግሩን ወደማይታይ ቦታ ማዛወር ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለው የአበው ምክር እዚህ በቀጥታ ይሠራል።

«ዋናው» ምክንያት የትኛው ነው

ዕድሜ ጠገብ መኪና ላይ አንድ ምክንያት ብቻ መፈለግ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ለምሳሌ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሄድ መኪና የዐባይን ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት መውጣት አለበት። ሸለቆው ሞቃት ነው፣ ዳገቱ ረጅም ነው፣ ጭነቱ ሙሉ ነው። ራዲያተሩ በከፊል ተደፍኗል፣ የፋን ክላቹ ደክሟል፣ ቺንጋው ላልቷል። ከእነዚህ እያንዳንዱ ብቻውን ሞተሩን አያግልም፤ አንድ ላይ ግን ያፈሉታል። ምክንያቱ የትኛው ነው?

ለዚህ ጥያቄ የእንግሊዙ ፈላስፋ ኮሊንግዉድ እ.ኤ.አ. በ1940 በሜታፊዚክስ ላይ ባሳተመው መጽሐፉ የሰጠው መልስ ከመኪና የተወሰደ ነው። አንድ መኪና ዳገት ላይ ይቆማል። አላፊ አግዳሚው የዳገቱ ጫፍ ከምድር መካከል ስለሚርቅ ለመውጣት የበለጠ ኃይል እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። መካኒኩ ግን ኮፈኑን ከፍቶ የተፈታ የኤሌክትሪክ ገመድ ያሳያል። አላፊው የተናገረው ሐሰት አይደለም፤ ሾፌሩ ግን ዳገቱን ዝቅ ማድረግ አይችልም፤ ገመዱን መግጠም ይችላል። ኮሊንግዉድ እንዳለው በተግባር ዓለም ምክንያት የሚባለው ሰው ይዞ ሊያዞረው የሚችለው ነገር ነው፤ ስለዚህም አንዱ የሚጠራው ምክንያት ከሌላው ይለያያል።

ይህ ሐሳብ ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ለሾፌሩ ምክንያቱ በዳገት ላይ ማርሽ አለመቀነሱ ነው። ለመካኒኩ ምክንያቱ የተደፈነው ራዲያተር ነው። ለመኪናው ባለቤት ምክንያቱ ለዓመታት ዝገት ከልካይ ኩላንት ሳይገዛ የምንጭና የቧንቧ ውሃ ማስሞላቱ ነው። ሁሉም እውነት ይናገራሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ የሌላውን ድርሻ ብቻ ምክንያት ብሎ ሲጠራ ኃላፊነቱን ከራሱ እያራቀ ነው። ምክንያትን መጥራት ስለዚህ የዕውቀት ሥራ ብቻ ሳይሆን የሞራል ሥራም ነው፤ ቅን መርማሪ ከምክንያቶቹ መካከል የራሱ እጅ ያለበትን አስቀድሞ ይፈልጋል።

የፈተናው ቅደም ተከተል

ፈላስፋው ካርል ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣው ሥራው አንድ ግምት ሳይንሳዊ የሚሆነው ሊወድቅበት ለሚችል ፈተና ሲጋለጥ ነው ብሎ ነበር። መካኒኩም የጠረጠረውን የሚያጸና ነገር ብቻ ከፈለገ ሁልጊዜ ያገኛል፤ ባረጀ መኪና ላይ የደከመ ነገር አይጠፋም። መፈለግ ያለበት ጥርጣሬውን ሊያፈርስ የሚችለውን ፈተና ነው። ከእነዚህ ፈተናዎች ርካሹ፣ ፈጣኑና የማያፈርሰው ይቀድማል። የውሃው መጠን፣ ክዳኑ፣ ቺንጋው፣ የራዲያተሩ ፊት ይታያሉ፤ ቀጥሎ ፋኑና ቱቦዎቹ፤ ቀጥሎ ቴርሞስታቱ፤ ከዚያ የጋዝ ፈተናው። ቴስታታ መፍታት የመጨረሻው ነው፤ ወጪው ብዙ ነው፣ ሲፈታም ብዙ ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።

ትዕግሥት የግድ የሚሆንበት ቦታም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በክፍት ዕቃ ውስጥ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደኅና የራዲያተር ክዳን ግፊቱን ሲይዝ ይህ ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በ105 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ክዳኑ ተከፍቶ ግፊቱ ሲለቀቅ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል፤ ፊትና እጅ የሚያቃጥለው ይህ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ የምርመራው አካል ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ እዚህ የሚፈስሰው ግን ተለቅሞ አይመለስም። እውነትን የመፈለግ ጉጉት የሰውን አካል ከመጠበቅ ግዴታ አይቀድምም።

ጥያቄው የት ያበቃል

«ለምን?» የሚለው ጥያቄ በራሱ ማብቂያ የለውም። ሞተሩ ለምን ጋለ? ራዲያተሩ ስለተደፈነ። ለምን ተደፈነ? ስለዛገ። ለምን ዛገ? ኩላንት ስላልተደረገበት። ለምን አልተደረገበትም? ተቆጣጣሪ ስላልነበረ። አርስቶትል የማስረጃ ሰንሰለት መጨረሻ ከሌለው ዕውቀት እንደማይገኝ ተናግሯል፤ በተግባር ግን ማቆሚያውን የሚወስነው ዓላማው ነው። ጥያቄው ሊቆም የሚገባው ተገቢው ነገር ሲለወጥ ብልሽቱ የማይደገምበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያቆመ ሰው ምልክት ጠግኗል። ከዚያ አልፎ የሚሄድ ሰው ደግሞ ምናልባት ስለ ዓለም ይማራል፤ መኪናው ግን እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ የጋለ ሞተር ምክንያት ታወቀ የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ የተጠረጠረው ነገር ሙቀቱን እንዴት እንዳመጣ ከሞተሩ አሠራር ጋር አስማምቶ መናገር ሲቻል። ሁለተኛ፣ ጥርጣሬው ሊያፈርሰው ይችል የነበረን ፈተና አልፎ ሲገኝ። ሦስተኛ፣ ከጥገናው በኋላ መኪናው በጋለበት ሁኔታ፣ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነት፣ በቀኑ ሙቀት ተነድቶ መርፌው ከቦታው ሳይነቃነቅ ሲቀር። በጋራዥ በር ላይ ጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ማስረከብ ሦስተኛውን አያሟላም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መኪናው ሊድን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም፤ ባለቤቱም ይህንኑ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።